ላ ቦኬሪያ ገበያ ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባርሴሎና የላ ራምብላ ጎዳና ዳር ያለው ላ ቦኬሪያ ሲነሳ ብዙ ጎብኚ የሚያወራው ስለ ግፊያውና ስለ ውድነቱ ነው። ገበያውን ስለምወደው ይህ ያንገበግበኛል። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው በማይሆን ሰዓት ገብቶ፣ ከደጃፉ ሳይርቅ ከሚመለሰው ሰው ነውና።

የመጀመሪያው ስህተት ሰኞ ዓሣ ፍለጋ መሄድ ነው። እሑድ ገበያው ዝግ መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ፤ ሰኞ ግን ያታልላል። በሩ ተከፍቷል፣ ፍራፍሬው ተደርድሯል፤ መሃል ላይ ክብ ሠርተው የቆሙት የዓሣ መደቦች ግን አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። አጥማጆች እሑድ ባሕር ስለማይወጡ ሰኞ ትኩስ ዓሣ አይገኝም። የገበያው ልብ ደግሞ እነዚያ መደቦች ናቸው። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት ቀናት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሩ እንደተከፈተ ግቡ።

ሁለተኛው፣ መግቢያው ላይ ገዝቶ መጨረስ ነው። ጭማቂውና ተቆርጦ በኩባያ የሚሸጠው ፍራፍሬ ለጎብኚ ዓይን የተዘጋጀ ነው፤ ወደ ውስጥ በዘለቃችሁ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። ከገበያው ጎን ባለችው የሳንት ጋልድሪክ አደባባይ ደግሞ የአካባቢው ገበሬዎች ራሳቸው ያመረቱትን አትክልት ይሸጣሉ። እዚያ ሳትደርሱ አትመለሱ። ቦርሳችሁን ደረታችሁ ላይ ያዙ፤ ኪስ አውላቂዎች ግፊያውን ይወዱታል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ገበያውን እንደ ትርዒት ማየት ነው። በ1835 እ.ኤ.አ. በተነሳ ዓመፅ የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም ተቃጠለ፤ በቦታው ላይ የገበያው ግንባታ የተጀመረው ማርች 19 ቀን 1840፣ በዚያው ቅዱስ በዓል ዕለት ነበር። የብረት ጣሪያው በ1914 ተሠራ። ይህን ሁሉ ዘመን የሰፈሩ ሰው ምሳውን የሸመተው እዚህ ነው። ዛሬ ፎቶ አንሺው መተላለፊያውን ሲዘጋ፣ ዓሣ ሊገዙ የመጡ እናት ዘንቢላቸውን ይዘው መንገድ ያጣሉ። የከተማው አስተዳደር በ2015 ከ15 ሰው በላይ የሆኑ የጎብኚ ቡድኖች ዓርብና ቅዳሜ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እንዳይገቡ የከለከለው ሻጮቹና የሰፈሩ ሰዎች ስለተማረሩ ነው። እባካችሁ በትንሽ ቁጥር ሂዱ፣ ሻጩን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ ጥቂት የወይራ ፍሬም ቢሆን ግዙ።

ስትገዙ ፍራፍሬውን በእጃችሁ እየጨመቃችሁ አትምረጡ፤ የሚመርጥላችሁ ሻጩ ነው። ሰልፍ የሌለ ቢመስልም ተራ አለ። እንደደረሳችሁ በአካባቢው ቋንቋ በካታላንኛ «ኪ ኤስ ሉልቲም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «መጨረሻ የመጣው ማን ነው?» ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ተራው የእናንተ ነው።

ለጾመኛና የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። በገበያው ምግብ ቤቶች ሽምብራ ስታዩ የጾም ነው ብላችሁ አትዘዙ። በካታላኖች ዘንድ ሽምብራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቦቲፋራ ኔግራ ከሚባለው፣ ከአሳማ ሥጋና ደም ከተዘጋጀ ቋሊማ ጋር ነው። ቋሊማው ተከትፎ ስለሚገባ በዓይን ላይለይ ይችላል። ከማዘዛችሁ በፊት በስፓኒሽ «ዬባ ሰርዶ?» በሉ፤ «የአሳማ ሥጋ አለበት?» ማለት ነው።