ለውጭ አገር ትምህርት ከማመልከትዎ በፊት ሰነዶችዎን ያመሳክሩ
ለኢራስመስ ሙንዱስም ሆነ ለሌላ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለማመልከት ካሰቡ፣ ፓስፖርትዎን፣ ትራንስክሪፕትዎንና ዲግሪዎን ጎን ለጎን አስቀምጠው የስምዎን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። «ፀሐይ» የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ጀምሮ ከተገኘ፣ የእኛን ፊደል የማያውቅ መርማሪ ሰነዶቹ የሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ሊጠራጠር ይችላል። ለአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ሲመዘገቡም ስምዎን ልክ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፉ።

የልደት ቀን ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል፤ መስከረም 1 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ሰው፣ የቀደመው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች፣ ልደቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደተለመደው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ላይ ይውላል። ልዩነት ካገኙ፣ እርማቱ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎ ሬጅስትራር ቀደም ብለው ይሂዱ።