ናይትረስ ለተገጠመለት ሞተር ታይሚንግ አስተካከል

ኦክቴኑ ከፍ ያለ የሬስ ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ስለገባ ብቻ ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ማስቀደም የፒስተን ጠላት ነው። ኦክቴን ነዳጁ በግፊትና በሙቀት ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ይከላከላል እንጂ በራሱ ጉልበት አይጨምርም። ናይትረስ፣ ማለትም ከጠርሙስ ወደ ሞተሩ የሚረጨው የናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ፣ ደግሞ ከክብደቱ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው። ሲሊንደር ውስጥ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ቃጠሎውም ይፈጥናል። ግፊቱ ጣሪያ መንካት ያለበት ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ ክራንኩ ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ሲዞር ነው። ቃጠሎው ፈጥኖ ብልጭታው ግን በድሮው ሰዓት ከመጣ፣ ግፊቱ ፒስተኑን ገና ሲወጣ ያገኘዋል። ስለዚህ ብልጭታውን ማዘግየት ግድ ነው።

ለምሳሌ 350 ኪዩቢክ ኢንች የሆነ ካርቡሬተር ያለው የሼቭሮሌ ቪ8፣ 150 የፈረስ ጉልበት የሚጨምር ናይትረስና ቤንዚን አብሮ የሚረጭ ዌት ሲስተም እንውሰድ። ያለ ናይትረስ ሙሉ ታይሚንጉ 34 ዲግሪ ነው፤ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 34 የክራንክ ዲግሪ አስቀድሞ ይመጣል ማለት ነው። የተለመደው መነሻ ለእያንዳንዱ 50 የፈረስ ጉልበት 2 ዲግሪ መቀነስ ነው፤ እዚህ 6 ይቀነሳል፣ 28 ይሆናል። ለመጀመሪያው ሙከራ ግን ከዚያም 2 ዝቅ ብሎ በ26 መነሳት ይሻላል። ታይሚንግ ቢያንስ የሚጠፋው ትንሽ ፍጥነት ነው፤ ቢበዛ ፒስተን ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፑሊው ላይ ያለው ምልክት እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጥ። በአሮጌ ባላንሰር፣ ማለትም ክራንኩ ጫፍ ላይ ባለ ንዝረት አብራጅ፣ ላይ ጎማው ይለቅና የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል፤ ምልክቱም አብሮ ይሄዳል። ባትሪውን ፍቱ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡ፣ በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ላይ ፒስተን ስቶፕ፣ ማለትም ፒስተኑን ጫፍ ሳይደርስ የሚያቆም ብሎን፣ እሰሩ። ክራንኩን በእጅ ቀስ ብላችሁ እስኪነካ አዙሩና ፑሊውን ምልክት አድርጉበት፤ በተቃራኒው አዙራችሁም እንዲሁ። የሁለቱ ምልክቶች መካከል ትክክለኛው ጫፍ ነው። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን የቫኪዩም ቱቦ ነቅላችሁ ድፈኑና፣ ዙር ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድመው አድቫንስ ሙሉ በሙሉ በሚከፈትበት 3,000 እስከ 3,500 ዙር ላይ በታይሚንግ መብራት አንብቡ። በሚኒሞ የተነበበ ቁጥር እዚህ አይጠቅምም።

የታይሚንግ ማዘግየቻው ሳጥን ሶሌኖይዶቹን፣ ማለትም የናይትረሱንና የቤንዚኑን የኤሌክትሪክ ቫልቮች፣ ከሚከፍተው ሬሌ ጋር ይያያዝ፤ ናይትረሱ ሲገባ ታይሚንጉም በዚያው ቅጽበት ይዘግያል። መዘግየቱን ስታረጋግጡ ጠርሙሱ ይዘጋ፣ የሁለቱም ሶሌኖይዶች ሶኬት ይነቀል። የቤንዚኑ ሶሌኖይድ ሳይነቀል ከተከፈተ ማኒፎልዱ ውስጥ ቤንዚን ይከማችና ይፈነዳል። ሲስተሙ የሚከፈተው ነዳጅ መስጫው ሙሉ ሲረገጥና ዙሩ 3,000 ሲያልፍ ብቻ ይሁን።

ካንዴላው ከነበረው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ቀዝቃዛ፣ ጫፉ አጭር፣ ክፍተቱም ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊሜትር ይሁን። በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ በሻምፒዮን ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጠርሙሱ ግፊት በየሩጫው እኩል፣ ከ900 እስከ 950 ፒኤስአይ መሆን አለበት። ግፊቱ ከፍ ካለ ድብልቁ ነዳጅ ያጥረዋል፣ ከወረደ ደግሞ ይበዛበታል፤ ያኔ ካንዴላው የሚያሳየው የታይሚንግ ጉዳይ አይሆንም። ማሞቅ ካስፈለገ ለዚሁ የተሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ እሳት ወደ ጠርሙስ አይጠጋም።

አዲስ ካንዴላ አስገብታችሁ አንድ ሙሉ ሩጫ ሩጡ። መጨረሻው ላይ ሞተሩን አጥፍታችሁ በነጻ ማርሽ አንከባሉት፤ በሚኒሞ እየሠራ ከተመለሰ ንባቡ ይበላሻል። ካንዴላውን ነቅላችሁ የታጠፈችውን የብረት ምላስ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ሙቀቱ ቀለሟን የቀየረበት መስመር አለ። መስመሩ መታጠፊያዋ ላይ ካረፈ ታይሚንጉ ደህና ነው። ወደ ሥሯ ወርዶ ክሩ ጋ ከተጠጋ ብልጭታው ቀድሟል፤ ጫፏ ላይ ከቀረ ዘግይቷል። በነጩ ሸክላ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ጠብታዎች ከታዩ ሞተሩ እያንኳኳ ነው፤ አሉሚኒየሙ የመጣው ከፒስተኑ ነው። እዚያው አቁሙ፣ ታይሚንጉን ቀንሱ፣ የቤንዚኑንም ግፊት መርምሩ። የቤንዚን ግፊት የሚለካው ነዳጁ እየፈሰሰ እያለ ነው፤ ቆሞ ሲለካ ጥሩ የሚመስል ፓምፕ ሲጫንበት ይወድቃል። ጠርሙስ ሙሉ ናይትረስ ከማባከን ይህን አስቀድሞ ማየት ይረክሳል።

ካንዴላው ንጹህ ከሆነ አንድ ዲግሪ ጨምሩና ድገሙ። የምትመለከቱት የመጨረሻውን መስመር ስታልፉ ያለውን ፍጥነት ነው፤ ሩጫው የፈጀው ሰዓት ግን በመነሻው ላይ ጎማ በመንሸራተቱ ይዛባል። ዲግሪ ጨምራችሁ ፍጥነቱ ካልጨመረ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ተመልሳችሁ እዚያ ተዉት።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ያለ ናይትረስ የሚሠራ ሞተር ታይሚንግ መጨመር ይችላል፤ አየሩ ስስ ነው። ጠርሙሱ ግን ከፍታ አያውቅም፣ የሚረጨው መጠን ያው ነው፤ ስለዚህ ለከፍታው ብላችሁ የጨመራችሁት ዲግሪ ናይትረስ ሲከፈት አይታመንም።

እርሳስ ያለበት የሬስ ቤንዚን የኦክስጅን ሴንሰርን ስለሚገድል ያንን ንባብ ብቻ ይዛችሁ አትመኑ። ኦክስጅን የተጨመረበት ዓይነት ደግሞ ሰፋ ያለ የቤንዚን ጀት (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ይፈልጋል። የነዳጁ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ሥራው እንደገና ከ26 ዲግሪ ይጀምራል።