በሩ ክረምት ላይ ከተጣበቀ ከቤቱ ስር ያለውን አፈር ጠርጥሩ

ሐምሌ ላይ በሩ አልዘጋ ይላል። ጥር ላይ ይስተካከላል፤ ግን ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የወረደው ስንጥቅ ይሰፋል። አናጺ ይጠራል፣ በሩ ይላጋል፣ ግድግዳው ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል። በዓመቱ ያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልደታም ሆነ ሜክሲኮ ወይም ለገሃር አካባቢ ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ልስን ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት መሬቱን እዩ።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ጠንካራው ባዛልት የሚባለው ድንጋይም ሆነ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጠናከረው ለስላሳ ድንጋይ በረጅም ዘመን ሲበሰብስ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ያወጣል። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው፤ የአንዱ ገጽ ውፍረት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። በገጾቹ መካከል ያሉት ሶዲየምና ካልሲየም ውሃ ይስባሉ። ውሃ ሲገባ ገጾቹ ይራራቃሉ፣ አፈሩም ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተራል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ጠባዩ ይኸው ነው። ቤቱን የሚሰብረው ግን ማበጡ ብቻ አይደለም፣ እኩል አለማበጡ ነው፤ ጠርዙ ዝናብ ሲጠጣ መሃሉ ደረቅ ይቀራል። የድሮው የጭቃ ቤት እንጨቱ ስለሚተጣጠፍ ይህን በተሻለ ይችለዋል። ብሎኬት አይችልም።

ስንጥቁ ከወቅት ጋር ይሄዳል?

በስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ስፋቱንና ቀኑን እዚያው ጻፉ። ነሐሴ ላይ ለኩ፣ ሚያዝያ ላይ ድገሙ። ምንም ካልተለወጠ የልስን ስንጥቅ ሳይሆን አይቀርም፤ ሞልታችሁ እርሱት። ከተለወጠ ከጣሪያ ውሃ ጀምሩ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ከወረደ 3,000 ሊትር ውሃ ነው። ይህ ሁሉ መሠረቱ ስር የሚሰርግ ከሆነ ምንም ጥገና አያዋጣም። አሸንዳውን ጠግኑ፣ ውሃውን በቱቦ ወደ ቦይ አውጡ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ሥሩ። ግድግዳ ስር አበባ ተክሎ ማጠጣትም ይቅር።

የሚሰነጠቀው አንድ ጥግ ብቻ፣ በበጋም ነው?

የሚያፈስ ቱቦ ፈልጉ። ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን እዩ። ከዞረ ውሃ እየጠፋ ነው። ቆጣሪው ካልዞረ ፍሳሹን አስፈትሹ፤ እሱ ቆጣሪ ላይ አይታይም።

አጠገቡ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ?

ሥሩ አፈሩን ያደርቃል፣ ቤቱም በዚያ በኩል ይሰምጣል። ግን በችኮላ አትቁረጡት። ዛፉ ሲጠፋ የደረቀው አፈር ውሃ መልሶ ይጠጣና ያብጣል።

ገና መሠረት እየቆፈራችሁ ነው?

«ድንጋይ ላይ ደርሰናል» ሲሏችሁ አትርኩ። ከጉድጓዱ ቁራጭ ወስዳችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። በደቂቃዎች ውስጥ ተፈረካክሶ ጭቃ ከሆነ ድንጋይ ብላችሁ ልትመኩበት አይገባም። ላብራቶሪ ደግሞ 10 ሚሊሊትር ደረቅ፣ በወንፊት የተነፋ አፈር 100 ሚሊሊትር በሚይዝ የመለኪያ ሲሊንደር ውሃ ውስጥ ይጨምርና በማግሥቱ ያነባል። 20 ሚሊሊትር ከደረሰ 100 በመቶ አብጧል ማለት ነው፤ ይህ አደገኛ አፈር ነው። ያኔ መሠረቱን ምን ያህል ማጥለቅ፣ አፈሩን በሰሌክት (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) መለወጥ ወይም በኖራ ማከም እንደሚያስፈልግ የአፈር መሐንዲስ ይወስን። የተቆፈረው መሠረትም ኮንክሪት ሳይሞላ ዝናብ እንዳያገኘው ሸፍኑት።