የስቴት ሴኔት ወረዳችሁን እንዴት ታገኛላችሁ? ድምጻችሁስ ሳይባክን እንዴት ይቆጠራል? (ከሲያትል፣ 37ኛው ወረዳ)

ሬኒየር አቬኑ ላይ ቡና ይዘን ቁጭ ብለን አንዱን ወዳጄን «ሴናተርህ ማን ናቸው?» አልኩት። ሳያቅማማ «ፓቲ መሪ!» አለኝ። ልክ ነው፣ ግን እኔ የጠየቅኩት ሌላውን ነበር። ፓቲ መሪ ያሉት ዲሲ፣ የፌዴራሉ ሴኔት ውስጥ ነው። ከሲያትል 60 ማይል ያህል ወረድ ሲሉ ኦሎምፒያ አለች፣ የዋሽንግተን ስቴት ዋና ከተማ። እዚያም የራሱ ሴኔት አለ። ወዳጄ ደግሞ ኡበር ነው የሚነዳው። ለኡበርና ለሊፍት ሹፌሮች በማይልና በደቂቃ ዝቅተኛ ክፍያ የወሰነው የ2022ቱ ሕግ የወጣው ኦሎምፒያ ነው። የአብዛኛው ተከራይ የቤት ኪራይ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨመርበት በ2025 የተደነገገውም እዚያው ነው። ኪሱ የሚገባውንም ከኪሱ የሚወጣውንም የሚወስነውን ሰው አያውቀውም ማለት ነው።

በሱ አልፈርድም፣ እኔም ለዓመታት አላውቅም ነበር። እንግዲህ ከዜሮ እንጀምር። የምጽፈው ስለ ዋሽንግተን ስቴት ነው። ሚኒሶታ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ደንቡም ቀኑም ይለያያልና የየስቴታችሁን አጣሩ።

1. መጀመሪያ ወረዳችሁን እወቁ

ስቴቱ በ49 ወረዳ ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካይ ወደ ኦሎምፒያ ይልካል። ሴናተሩ ለ4 ዓመት፣ ተወካዮቹ ለ2 ዓመት ነው የሚመረጡት። በ2020ው ቆጠራ መሠረት አንድ ወረዳ ወደ 157 ሺህ ሰው ይይዛል።

የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ሌግ ዶት ደብልዩ ኤ ዶት ጎቭ ነው። እዚያ የወረዳ መፈለጊያ አለ። ሙሉ አድራሻችሁን ጻፉበት፣ በዚፕ ኮድ ብቻ አትተማመኑ፣ አንዱ ዚፕ ኮድ ለሁለት ወረዳ ሊቆረስ ይችላል። ወዳጄ የሚኖረው ሬንተን ነው፣ ስልኩን አውጥቶ ሲሞክረው 11 ወጣለት። እኔ 37 ነኝ። ሬንተን ውስጥም 37 ውስጥ የሚገባ ሰፈር አለ፣ የሱ ግን አልገባም። አንድ ላይ ቡና እንጠጣለን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፣ ሴናተራችን ግን ለየቅል ነው።

አንድ ነገር እንዳትምታቱ። አድራሻችሁን ስታስገቡ ብዙ ቁጥር ይወጣላችኋል። እኔ ሰፈር ለኮንግረስ 9፣ ለካውንቲው ምክር ቤት 2፣ ለስቴቱ ደግሞ 37 ነው። ለስቴት ሴኔት የምትፈልጉት «ሌጂስሌቲቭ ዲስትሪክት» የሚለውን ቁጥር ነው።

37ኛው ወረዳ ደቡብ ምሥራቅ ሲያትልን ይዞ፣ በሬኒየር ቫሊ አድርጎ፣ ወደ ስካይዌይና ወደ ሬንተን ይወርዳል። የአማርኛ ታፔላ ያለበት ሱቅና ምግብ ቤት የሚበዛው እዚህ ነው። ለስቴቱ ሴኔት የተመረጡት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሌሚንግ የዚህ ወረዳ ሰው ነበሩ። ዛሬ ኮንግረስ ያሉት ፕራሚላ ጃያፓልም ከዚህ ወረዳ ሴናተርነት ነው የተነሱት።

መስመሩ ዘላለማዊ አይደለም። በየ10 ዓመቱ ከቆጠራ በኋላ እንደገና ይሰመራል፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት ጣልቃ ይገባል። በ2024 በያኪማ ሸለቆ በኩል የነበረውን ካርታ ፍርድ ቤት አስቀይሮታል። ስለዚህ «ድሮ አይቼዋለሁ» አትበሉ።

2. ተመዝግባችኋል? ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን ቁሙ

መምረጥ የሚችለው 18 ዓመት የሞላው (ለኦገስቱ ምርጫ ደግሞ እስከ ኖቬምበሩ ምርጫ የሚሞላውም) የአሜሪካ ዜጋ ነው። ይህን የምደግመው በምክንያት ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታሳድሱ የምርጫ ምዝገባ ጉዳይ ይነሳል። እንግሊዝኛው ሲፈጥንብን ሁላችንም «የስ፣ የስ» የምንልበት ጊዜ አለ። ግሪን ካርድ ይዞ መራጭ ነኝ ብሎ መፈረም ግን ዜግነት በሚጠየቅበት ቀን ተመልሶ የሚመጣ ጣጣ ነው፣ ሰውን እስከ ማባረርም ሊያደርስ ይችላል። ካልገባችሁ «አልገባኝም፣ አስተርጓሚ» በሉ። የማንም ሰልፍ ይቆይ።

ዜጋ ከሆናችሁ ቀላል ነው። ቮት ደብልዩ ኤ ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ መመዝገብ ወይም መመዝገባችሁን ማየት ትችላላችሁ። በኢንተርኔት ምዝገባ የሚዘጋው ከምርጫው 8 ቀን በፊት ነው። ካለፋችሁ በአካል ሄዳችሁ እስከ ምርጫው ዕለት ማታ 8 ሰዓት ድረስ መመዝገብ ይቻላል። ማታ 8 ስል በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በኛ 2 ሰዓት። ይህቺ የሰዓት ነገር ስንቱን አስቀርታለች!

ቤት ከቀየራችሁ አድራሻ ቀይሩ። እዚህ ስቴት ድምጽ መስጫው በፖስታ ስለሚመጣ፣ የድሮ አድራሻችሁ ካልተቀየረ ወረቀቱ ድሮ ቤታችሁ ሄዶ ይቀራል።

3. ኦገስትን አትናቁ

ብዙ ሰው ምርጫ ሲባል ኖቬምበር ብቻ ነው የሚመጣለት። እንደ 37 ባለ ወረዳ ግን ትልቁ ማጣሪያ ኦገስት ላይ ነው። ቀኑ የኦገስት የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሁሉም ፓርቲ ተወዳዳሪዎች አንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ሁለቱ ብዙ ድምጽ ያገኙት ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ፣ ፓርቲያቸው ምንም ይሁን ምን። መራጩም የፓርቲ አባል ሆኖ አይመዘገብም። ከስማቸው ስር «ዴሞክራቲክ ፓርቲን እመርጣለሁ» ወይም «ሪፐብሊካን ፓርቲን እመርጣለሁ» የሚል ይጻፋል፣ በቃ። ፓርቲው ደግፏቸዋል ማለት አይደለም፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት።

37ኛው ወረዳ የዴሞክራቶች ሰፈር ነው። በ2022 ከሁለቱ ተወካዮች ለአንዱ ወንበር በኖቬምበር የተፋጠጡት ቺፓሎ ስትሪትና ኤሚጃ ስሚዝ ናቸው፣ ሁለቱም ዴሞክራቶች። ስትሪት አሸነፉ። «ዴሞክራት ካየሁ እቀባለሁ» የሚል ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣለት ምን ያደርጋል? ሰዎቹን ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

«የኔ አንድ ድምጽ ምን ታመጣለች» ለሚለው ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። በ2024 ኦገስት ለስቴቱ የመሬት ሀብት ኮሚሽነርነት 7 ሰዎች ተወዳደሩ፣ 5 ዴሞክራቶችና 2 ሪፐብሊካኖች። ከአምስቱ አንዷ የኛው ወረዳ ሴናተር ሪቤካ ሳልዳኛ ነበሩ። ዴሞክራቶቹ ድምጹን ለአምስት ተካፈሉት። ሁለቱ ሪፐብሊካኖች ብቻቸውን ወደ ኖቬምበር ሊያልፉ ምንም አልቀራቸውም። በእጅ ተቆጥሮ ዴሞክራቱ ዴቭ አፕዘግሮቭ ሁለተኛ ሆነው ያለፉት በ49 ድምጽ ብልጫ ነው። ከ1.9 ሚሊዮን ገደማ ድምጽ ውስጥ አርባ ዘጠኝ! በኋላ ኖቬምበር ላይ አሸንፈው ኮሚሽነር ሆኑ። 49 ሰው ማለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆሞ የሚያወራው ሰው ነው።

አንድ የሴኔት ወረዳም ሙሉውን ምክር ቤት ሊገለብጥ ይችላል። በ2017 በሬድመንድና በዉዲንቪል በኩል ባለው 45ኛ ወረዳ ሴናተሩ በመሞታቸው የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ማንካ ዲንግራ አሸነፉ፣ በዚያች አንድ ወንበር የሴኔቱ አብላጫ ከሪፐብሊካን ጎራ ወደ ዴሞክራት ዞረ።

የ2026 ቀኖችን ስልካችሁ ላይ አስገቡ። የ37ኛው ወረዳ የሴናተር ወንበር በዚህ ዓመት ለምርጫ ይቀርባል። ማጣሪያው ኦገስት 4፣ የመጨረሻው ኖቬምበር 3 ነው። ወረቀቱ ከምርጫው 18 ቀን በፊት ስለሚላክ ከጁላይ 17 እና ከኦክቶበር 16 ጀምሮ የፖስታ ሳጥናችሁን ከማስታወቂያ ወረቀት ለይታችሁ እዩ።

4. ፖስታው ሲመጣ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፣ ብዙ ድምጽ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ፖስታውን ስትከፍቱ ድምጽ መስጫው፣ መሸፈኛውና የመመለሻ ፖስታው አለ። በጥቁር እስክሪብቶ የመረጣችሁት ሰው ስም አጠገብ ያለችውን ክብ ሙሉ በሙሉ አጥቁሯት። ሁሉንም መሙላት የለባችሁም። የማታውቁትን ባዶ ብትተዉት ሌላው አይበላሽም። ወረቀቱን ሸፍናችሁ መመለሻው ውስጥ ክተቱና ከውጭ ፈርሙ።

ፊርማዋ ናት ጉዷ። እኔ አንድ ጊዜ ጣጣ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ። ለምዝገባ የፈረምኩት በአማርኛ ነበር፣ «ሀ»ዋን አጠማዝዤ። ፖስታው ላይ ደግሞ እንደ ቼክ መስሎኝ በእንግሊዝኛ ፈርሜ ላክሁ። ከሳምንት በኋላ «ፊርማህ አልተመሳሰለም» የሚል ደብዳቤ መጣ። መጀመሪያ የማጭበርበሪያ ደብዳቤ መስሎኝ ልጥለው ነበር፣ ሚስቴ ናት ያስቆመችኝ። አብሮት ያለውን ቅጽ ፈርሜ መለስኩና ድምጼ ተቆጠረ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጣ አትጣሉት፣ ካውንቲው ውጤቱን እስኪያጸድቅ ማስተካከል ይቻላል። ያ ማለት ከኦገስቱ ምርጫ በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ከኖቬምበሩ በኋላ ሦስት ሳምንት ገደማ አላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በአንድ ፊርማ መጽናት ነው።

ቴምብር አያስፈልግም፣ ተከፍሎበታል። በፖስታ ከላካችሁ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቀን ከምርጫው ዕለት ማለፍ የለበትም። ማኅተሙ የሚመታው ግን ሳጥን ውስጥ በጣላችሁባት ሰዓት አይደለም። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከደረሳችሁ ፖስታ ቤትን ትታችሁ የምርጫ ሳጥን ውስጥ ራሳችሁ ጣሉት። ሳጥኑ በምርጫው ዕለት ማታ 8 ሰዓት፣ በኛ 2፣ ይዘጋል። ከዚያ ቮት ደብልዩ ኤ ላይ ገብታችሁ መድረሱንና ፊርማው መቀበሉን ተመልከቱ።

እናት ወይም አባት ካላችሁና እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው፣ እነሱ የፈለጉት ሰው ሊያግዛቸው ሕጉ ይፈቅዳል። አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ብቻ አይችልም። ማገዝ ማለት ግን ማንበብና የነገሯችሁን መቀባት ነው። «እማዬ ዝም በይ፣ እኔ አውቅልሻለሁ» ማገዝ አይደለም።

5. ማንን?

የመራጮች መጽሔት በየቤቱ ይመጣል፣ ተወዳዳሪው ስለራሱ የጻፈው ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ቅዱስ ነው። እኔ የበለጠ የማምነው ገንዘቡን ነው። የስቴቱ የምርጫ ገንዘብ ይፋ አድራጊ ኮሚሽን፣ ፒዲሲ የሚሉት፣ ማን ለማን ስንት እንደሰጠ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ስሙን ጻፉና እዩ። ከአከራዮች ነው? ከሠራተኛ ማኅበር? ከሰፈሩ ሰው በ20 እና በ50 ዶላር የተለቃቀመ ነው? ብዙ ያናግራል።

6. ከምርጫው በኋላ

ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ይከፈታል። ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት (እንደ 2025) 105 ቀን፣ ሙሉ ቁጥር ባለው ዓመት (እንደ 2026) 60 ቀን ይቆያል። አጭር ስለሆነ ነገሩ ይፈጥናል። ሥራ ትታችሁ ኦሎምፒያ መሄድ ግን የለባችሁም። የኮሚቴ ስብሰባ ላይ በዙም መናገር ይቻላል፣ መናገር የማትፈልጉ ደግሞ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብላችሁ በድረ ገጹ ላይ ስማችሁን ማስመዝገብ ትችላላችሁ፣ ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት እስኪቀረው። ስልክ የሚቀናችሁ በ1-800-562-6000 ደውላችሁ ለሴናተራችሁም ለሁለቱ ተወካዮችም መልእክት ትተዋላችሁ።

በመጨረሻ ማንም የማይነግራችሁ አንዲት ወንበር አለች። ሴናተር ሞቶ ወይም ለቅቆ ወንበሩ ክፍት ሲሆን ወዲያው ሕዝብ አይመርጥም። ፓርቲው ሦስት ስም ያቀርባል፣ የካውንቲው ምክር ቤት አንዱን ይሾማል። ጃያፓል በ2016 ለኮንግረስ ሲመረጡ ሳልዳኛ መጀመሪያ በዚህ መንገድ ነው ሴናተር የሆኑት፣ በ2017 ደግሞ ሕዝብ መረጣቸው። የሦስቱ ስም ላይ ድምጽ የሚሰጡት እነማን ናቸው? የፓርቲው የቀጠና ተጠሪዎች፣ በየጥቂት መንገዱ አንድ አንድ የሚመረጡ የሰፈር ሰዎች። ሙሉ ቁጥር ባለው ዓመት ሜይ ላይ ይመዘገባሉ፣ ክፍያ የለውም፣ ብዙ ቀጠና ውስጥ ተወዳዳሪ ስለማይገኝ አንድ ሰው ብቻውን ተመዝግቦ ወንበሩን ይወስዳል። ይህን ስነግረው ኡበር ነጂው ወዳጄ ቡናውን አስቀምጦ «እና የኛ ቀጠና ተጠሪ ማን ነው?» አለኝ። ፈለግንለት። ባዶ ነበር።