በድምፅ መጻፍና አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች፦ መምህራንና ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እርሳስ መያዝ ለሚያዳግተው ተማሪ ወዲያው የሚሰነዘረው ምክር «በድምፅህ ጻፍ» የሚል ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ስልክም ኮምፒውተርም ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይለውጣሉ፤ ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎች መካከል አማርኛን ጨምሯል። ጣጣው የሚጀምረው ሶፍትዌሩ ከተጫነ በኋላ ነው።

ማሽኑ ሁሉንም ሰው እኩል ይሰማል ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ እንውሰድ። እጁን ያሰረው የአንጎል ጉዳት ብዙ ጊዜ የምላሱንና የከንፈሩን ጡንቻም ይነካል። ሶፍትዌሩ ደግሞ የሠለጠነው በአብዛኛው ጥርት አድርገው በሚናገሩ ሰዎች ድምፅ ነው። ስለዚህ መሣሪያው እጅግ የሚያስፈልገው ተማሪ፣ መሣሪያው በደንብ የማይሰማው ተማሪ ሆኖ ይገኛል። አካል ጉዳት በሌለበት እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዳሳየው የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎች ሥርዓቶች በአማካይ ከመቶ ቃላት የነጮችን 19፣ የጥቁር አሜሪካውያንን 35 ያህል ተሳስተዋል።

ለሚንተባተብ ወይም በቃላት መካከል ረዘም አድርጎ ለሚያርፍ ተማሪ ሌላም ችግር አለ። አንዳንዱ ፕሮግራም ዝምታውን የንግግሩ መጨረሻ አድርጎ ይቆጥርና መቀበሉን ያቆማል። ዊስፐር የተባለው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው የኦፕንኤአይ ኩባንያ ሥርዓት ደግሞ አልፎ አልፎ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ ከራሱ ፈጥሮ እንደሚጽፍ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አመልክቷል፤ ይህም በአንጎል ጉዳት ምክንያት የመናገር ችግር ባለባቸው ሰዎች ቅጂ ላይ በርከት ብሎ ታይቷል።

ከመወሰንዎ በፊት ተማሪው ከራሱ ደብተር አንድ አንቀጽ በድምፁ ያስገባ። ከዚያ እሱ ራሱ ያርመው። አጠገቡ የተቀመጠ መምህር ካረመለት የተፈተነው መምህሩ ነው። ማረሙ ከመጻፉ የበለጠ ጊዜ ከወሰደ መሣሪያው ለዚህ ልጅ ገና አልደረሰለትም።

የማንበብ ችግር ያለበትን ልጅ «አንብበህ አርም» ማለት

ዲስሌክሲያ ያለበት ተማሪ ሐሳቡ እያለው ፊደሉ ያስቸግረዋልና በድምፅ መጻፍ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ማሽኑ ሲሳሳት የሚጽፈው የተሳሳተ ፊደል ሳይሆን በትክክል የተጻፈ ሌላ ቃል ነው። ስለዚህ የፊደል ማረሚያው ቀይ መስመር አያሰምርበትም፤ ልጁም አያየውም። መፍትሔው የተጻፈውን በየዓረፍተ ነገሩ መልሶ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አብሮ መክፈት ነው። ጆሮው ዓይኑ ያለፈውን ይይዘዋል።

ዓይነ ስውር ሁሉ በድምፅ መጻፍ አለበት ማለት

ይህን ምን እንዳመጣው አላውቅም። ስክሪን ሪደር (በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ተጠቅሞ በኪቦርድ መጻፍ የለመደ ዓይነ ስውር ተማሪ ከብዙዎቻችን ይፈጥናል። በድምፅ መጻፍ ከፈለገም የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ፤ አለበለዚያ ስክሪን ሪደሩ በድምፅ ማጉያው ሲያነብ ማይክሮፎኑ ያንኑ ተቀብሎ ይጽፈዋል፤ ገጹም ማሽኑ ለራሱ በተናገረው ይሞላል።

ሒሳብን እንደ ድርሰት መቁጠር

«አንድ ሲካፈል ለኤክስ ሲደመር ሁለት» ያለ ተማሪ ምን ማለቱ ነው? ሁለቱ ከኤክስ ጋር አብሮ ከሰረዙ በታች ነው ወይስ ከክፍልፋዩ ውጭ? ኤክስ 2 ቢሆን የመጀመሪያው መልስ ሩብ፣ ሁለተኛው ሁለት ተኩል ይሆናል። ተማሪው ትክክለኛውን እያሰበ ነጥብ ያጣል። ቅንፉን «ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ» ብሎ በቃል መናገር ይልመድ፤ ረጅም ስሌት ሲሆን ግን እያዳመጠ የሚጽፍለት ሰው ይሻላል።

የቋንቋ ምርጫውን እንደመጣ መተው

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው በለመደው ቅላጼ እየተናገረ ስልኩ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሊጠብቅ ይችላል። ጉግል የኬንያና የናይጄሪያ እንግሊዝኛም አለው፤ የትኛው በተሻለ እንደሚሰማው ይሞክሩ። አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከቀላቀለ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ።

ለፈተና ሲባል በመጨረሻው ሳምንት ማስጀመር

ጫጫታ ባለበት ክፍል በድምፅ መጻፍ አይቻልም፤ ስለዚህ የተለየ ክፍል ያስፈልጋል። ለረጅም ሰዓት መናገር ጉሮሮን ያደክማል። ነጥብና ሰረዝን በቃል እየጠሩ ማሰብም ልምምድ ይጠይቃል። የእንግሊዝ የፈተና ሕግ እንዲህ ዓይነት ድጋፍ የሚፈቅደው ተማሪው በዕለት ተዕለት ትምህርቱ ሲጠቀምበት ከቆየ ነው፤ እኔም ትክክል ይመስለኛል።

አሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጉ የልጁን የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣው ቡድን አጋዥ ቴክኖሎጂ ያስፈልገው እንደሆነ እንዲመለከት እንደሚያስገድድ ይወቁ፤ በስብሰባውም አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። እዚያ ሲቀርቡ ሶፍትዌሩን ብቻ ጠይቀው አይውጡ። ልጁን ማን እንደሚያለማምደው፣ የተሳሳተውን ማን እንደሚያርም፣ ማሽኑ ያልሰማው ዕለትም በምን እንደሚተካ ዕቅዱ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ።