ከታሰረ በኋላ የባሰ ሕመም

ጀሶ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ክንዱ ወይም ቅልጥሙ የተሰበረ ሰው ከታሰረለት በኋላ ሕመሙ ጋብ ሊልለት ይገባል። ማስታገሻ ወስዶም እየባሰበት ከሄደ፣ ሕፃን ከሆነም አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎ ካለቀሰ፣ «ስብራት ነው፣ ያመዋል» ብላችሁ እንዳታሳድሩት።

የባትና የክንድ ጡንቻ በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። ውስጡ ሲደማና ሲያብጥ መስፊያ ስለሌለው ግፊቱ የደም ዝውውሩን ያፍነዋል። ሐኪሞች ኮምፓርትመንት ሲንድሮም የሚሉት ይህን ነው። ጡንቻ ለ6 ሰዓት ያህል ደም ካጣ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ከላይ ቀርከሃና ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰርበት ደግሞ ይብሳል። «ጠበቅ ካላለ አይገጥምም» የሚባለው ነገር ስንቱን ልጅ እጁን እንዳሳጣው ሳስብ ያንገበግበኛል።

እንዲህ ፈትሹ። የእግር አውራ ጣቱን ይዛችሁ በቀስታ ወደ ታች አጠፍ፣ ወደ ላይም ቀና አድርጉት፤ እጅ ከሆነ የተኮራመቱትን ጣቶች ዘርጉ። በዚህች ትንሽ እንቅስቃሴ ቅልጥሙን፣ ባቱን ወይም ክንዱን ክፉኛ ካመመው፣ ጡንቻው ሲዳሰስ ከደረቀ፣ በእግሩ አውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ከደነዘዘው፣ ጥርጣሬው በቂ ነው። የደም ሥሩ ይመታል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ትርታው እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል። ቆስሎ የተከፈተ ስብራትም ከዚህ አያመልጥም።

ወዲያው ጨርቁንም ባንዴጁንም ቆዳው እስኪታይ ቁረጡ። ጀሶ ከሆነ ጤና ባለሙያ ከነጥጡ ይሰንጥቀው። እግሩን በትራስ ከፍ አታድርጉ፣ አታንጠልጥሉም፤ በልብ ትክክል ይሁን። መታሸት፣ ቅቤ፣ በረዶ ይቅር። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብ አትስጡት። ሕመሙ ቢቀልለትም ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።

እዚያ የጡንቻውን የውስጥ ግፊት የሚለኩበት መሣሪያ ካለ፣ የተለካው ከታችኛው የደም ግፊት ቁጥር ላይ ተቀንሶ ልዩነቱ ከ30 በታች ከሆነ ቀዶ ጥገና ይታሰባል። መሣሪያው ባይኖርም ምልክቶቹ ይበቃሉ። ለእግር ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ረዘም ብሎ ተቀዶ አራቱም የጡንቻ ክፍሎች ይከፈታሉ። ቁስሉ በክር ሳይሰፋ መቆየቱ ቤተሰብን ያስደነግጣል፤ ሆን ተብሎ ነው። ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ታይቶ ይሰፋል፣ አለዚያም ከሌላ ቦታ በተወሰደ ቆዳ ይሸፈናል። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ ሳትዘገዩ ለነርሷ ንገሩ።

የተጎዳበትንና የታሰረበትን ሰዓት ጽፋችሁ ሂዱ። ብዙ ቀን ያለፈውን መክፈት ለኢንፌክሽን ሊያጋልጥ ስለሚችል ሐኪሙ ውሳኔውን የሚሰጠው ሰዓቱን አይቶ ነው።