በቶዮታ ዲኤክስ መኪና ላይ የጭስ ማኒፎልድን በግቢ ውስጥ መቀየር

በለገጣፎ ወይም በኮዬ ፈጬ አስፋልት ባልደረሰባቸው መንገዶች የሚመላለስ አሮጌ መኪና ጠዋት ሲነሳ ከሞተሩ ጎን «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማና ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ከቀነሰ፣ ቫልቭ ከመነካካት በፊት የጭስ ማኒፎልዱን፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ጭስ ቱቦው የሚያስተላልፈውን ብረት፣ መመርመር ይገባል። ድምፁ የሚቀንሰው ብረቱ በሙቀት ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚያጠበው ነው እንጂ ችግሩ ስለተወገደ አይደለም። ጭሱ የሚያመልጥበት ቦታ በጥላሸቱ ይታወቃል። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት አይገባም።

ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ መቀነሻውን) ያንጠለጠለው ጎማ በኮረኮንች ተበጥሶ ከሆነ የቱቦው ክብደት በማኒፎልዱ አንገት ላይ ያርፋል፤ በክረምት ደግሞ የጋለው ብረት ከኩሬ በሚረጭ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ይመታል፤ ሁለቱም ማኒፎልዱን ሊሰነጥቁት ይችላሉ። ስለዚህ ጎማውን ሳይቀይሩ ማኒፎልድ ብቻ መግዛት ወጪውን ለመድገም መዘጋጀት ነው።

4ኬ የሚባለው ሞተር ባለው ዲኤክስ ላይ የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ሆነው አንድ ጋስኬት (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባ ማሸጊያ) ስለሚጋሩ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም አብሮ ይነሳል። በመሆኑም በመጀመሪያ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታል፤ ቀጥሎም የቤንዚን ቱቦው ተነቅሎ በንጹህ ቡሎን ይደፈናል። ከሥር ለመግባት መኪናው በክሪክ ብቻ መቆም የለበትም፤ ደልዳላ መሬት ተመርጦ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግበታል።

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው የዛገ ዳዶ መፍታት ነው። ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ምሽት ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት በየዳዶው ሥር ይረጭና ይታደራል፤ በጋለ ብረት ላይ ከተረጨ ሊቀጣጠል ይችላል። በማግስቱ ልኩን በያዘ ቡሶላ (ዳዶውን ዙሪያውን በሚይዝ ቁልፍ) ጥቂት ወደ መፍቻው፣ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው እያመላለሱ ማላቀቅ ይሻላል። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ በአንድ ትንፋሽ ስስብ የኋለኛው ስተድ (ዳዶው የሚገባበት የተተከለ ቡሎን) ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አፍ ላይ ተቆረጠና የግማሽ ቀን ሥራዬ ሦስት ቀን ፈጀ። ስተዱ ሳይቆረጥ ከላላ ግን ሁለት ዳዶዎችን በላዩ ላይ እርስ በርስ አጥብቆ የውስጠኛውን ወደ መፍቻው ማዞር በቀላሉ ያወጣዋል።

የወለቀውን ማኒፎልድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ይዘው መርካቶ ሶማሌ ተራ ቢሄዱ መልካም ነው፤ የሻጭ ቃል የቀዳዳዎቹን ርቀት አይለካም። ያገለገለ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በገጹ ላይ በጠርዙ ያቁሙና ከኋላው የስልክዎን መብራት ያብሩ። መሃል ላይ ብርሃን ሰፋ ብሎ ካሳለፈ ማኒፎልዱ ጠሟልና ሌላ ይምረጡ፣ ካልሆነም ቶርኖ ቤት ያስተካክሉት።

የቴስታታው ገጽ ከአሮጌው ጋስኬት ትራፊ በጥንቃቄ ይጸዳል፤ በዚህ ጊዜ ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ይደፈናሉ፣ ጨርቆቹም ተቆጥረው ይወጣሉ። ጋስኬቱ አዲስ መሆን አለበት። ሲሊኮን የሚቀቡ አሉ፤ በጭስ መውጫው ሙቀት ስለሚቃጠል ጥቅሙ አይታየኝም። ዳዶዎቹ በመጀመሪያ በእጅ ይያዛሉ፤ ከዚያም ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ወይም በሦስት ዙር እስከ መኪናው መመሪያ ልክ ይጠብቃሉ። የነሐስ ዳዶ ከተገኘ ለሚቀጥለው ጊዜ ዝገቱን ያስቀራል።

ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ቤንዚን አለመንጠባጠቡም ታይቶ፣ ሞተሩ በሜዳ ላይ ሲነሳ ዘይት የነካው ብረት ለጥቂት ደቂቃ ይጨሳል። ጭሱ ሲጠፋ አንድ ሰው የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይዝጋ፤ ሌላው ደግሞ ማኒፎልዱ አጠገብ ጆሮውን ያቅና። የሚያፏጭ ድምፅ ከሌለ መኪናው አንድ ቀን ይነዳና በማግስቱ ጠዋት ብረቱ እንደቀዘቀዘ ዳዶዎቹ በዚያው ቅደም ተከተል እንደገና ይፈተሻሉ።